ክንዴን ያደነዘዘው መከዳው አልነበረም

መጀመሪያ የደነዘዘኝ ግራ እጄ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለው በወዳጄ በአብዱረህማን ቤት በርጫ ተቀምጠናል። ጫት የቃመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሰው በግራ ክርኑ መከዳ ተደግፎ በቀኙ ይቅማል፤ የግራ እጅ መደንዘዝ እኛ ዘንድ ወሬም አይሆን። ጣቶቼን አፍታታሁና ጨዋታዬን ቀጠልኩ።

ጨዋታዬ ደግሞ ሥራዬ ነው። ድሬ ጠያራ ገጠር ብዙ ዓመት አስተማሪ ነበርኩ፤ ለክልሉ ምክር ቤት የመረጡኝም የተማሪዎቼ አባቶች ናቸው። በስብሰባ ያላለቀው የውሃና የመንገድ ጉዳይ በርጫ ላይ ይመጣል። መናገር እወዳለሁ፤ አንዴ ከጀመርኩ የሚያስቆመኝ አልነበረም። ደም ግፊት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ መድኃኒቱን ግን የምውጠው ትዝ ባለኝ ቀን ነበር።

ባለቤቴ አስቴር ደወለች። መለስኩላት። ቃሉ አፌ ውስጥ ተንከባለለ። ምን ሆነሃል ስትለኝ፣ ጫቱ አፌን አድርቆት ነው ብዬ ተቆጣኋት። ጓደኞቼ ዛሬ ምርቃናው ምላሱን አሰረው ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አስቴር አልሳቀችም። ባጃጅ ይዛ መጣች። ወንዶች ተሰብስበው ወደሚቅሙበት ክፍል ሴት ሰተት ብላ አትገባም፤ እሷ ከነጫማዋ ገባች። ፊቴን አየች።

«ተነሥ» አለችኝ።

ልነሣ ሞከርኩ። ግራ እግሬ እምቢ አለ። ወደቅሁ። አብዱረህማን አዝሎኝ፣ ባጃጅ የማይገባበትን ጠባብ መንገድ እየሮጠ ባጃጁ እስከቆመበት ወረደ።

ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው። «የታመመው እጅዎ አይደለም፤ ጭንቅላትዎ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቷል። ስትሮክ ነው» አለኝ።

ከዚህ በኋላ እናገር እንደሆነ ልጠይቀው ፈለግሁ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ፈራሁ። ስለ እግሬ አላሰብኩም። ሳልናገር ምን ሆኜ ልኖር ነው? አለቀስኩ። ሐኪሙ ገባው መሰለኝ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ቃላቱ ጭንቅላትዎ ውስጥ አሉ፤ የደከሙት የአፍዎ ጡንቻዎች ናቸው። ከሠሩባቸው ይመለሳሉ። ያልፋል ብለው ተኝተው ቢሆን ኖሮ ግን እንዲህ አልልዎትም ነበር።»

ሠራሁባቸው። አስፕሪኑንና የደም ግፊቱን መድኃኒት አስቴር ፊት እየዋጥኩ፣ ጠዋት ጠዋት ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር እግሬን ሳነሣና ሳወርድ፣ ኋላም በከዘራ ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ተራራ የሚያወጣውን መንገድ በየቀኑ ትንሽ እያስረዘምኩ ወራት አለፉ። ለምላስህ ጮክ ብለህ አንብብ ስባል፣ ቤቴ ከተከመረው ወረቀት ውስጥ ረቂቅ አዋጆችን መረጥኩ፤ የገጠር መሬት አዋጅን ከአንቀጽ አንድ ጀምሬ ሳነብላት አስቴር ስንት ጊዜ እንቅልፍ እንደወሰዳት እሷ ትናገር። ጫቱንም ተውኩት። ዛሬም አብዱረህማን ቤት እሄዳለሁ፤ ሻይ ይዤ እጫወታለሁ። አላህ ይስጥህ ባልኩት ቁጥር፣ ያን ቀን ከብደኸኝ ነበር ይለኛል።

ምክር ቤት ስመለስ የድሬ ጠያራ ውሃ አጀንዳ ላይ ነበር። ባልደረቦቼ ጽፈህ ስጠንና እናንብብልህ አሉኝ፤ አዝነውልኝ ነው። አይሆንም አልኩ። ተነሣሁ። ከዘራዬን ተደገፍኩ። ድሮ ግማሽ ሰዓት የማይበቃኝን ነገር በቀስታ፣ እያንዳንዱን ቃል እየገፋሁ ተናገርኩት።

«የጉድጓዱ ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ። ዘንድሮ ይጠገን።»

ተቀመጥኩ። ጥገናው ጸደቀ። ስንወጣ ሁልጊዜ አጠገቤ የሚቀመጡት አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ገና ሰማንህ» አሉኝ። ስቄ ልሞት ነበር፤ እውነታቸውን ነዋ!

በዚህ በሽታ ውስጥ ያላችሁ፣ አይዟችሁ፤ ምላስም እግርም ሲሠሩበት ይታዘዛል። ገና ያልታመማችሁ ደግሞ፣ እጃችሁ ቢደነዝዝ፣ አነጋገራችሁ ቢለወጥ፣ ፊታችሁ በአንድ ወገን ቢወድቅ፣ ምክንያት አትፈልጉለት፤ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ተለውጠሃል የሚላችሁን ሰውም አትቆጡ። እኔ ስልክ ላይ ተቆጥቻለሁ፤ እሷ ግን ተቀይማ ቤቷ አልቀረችም። አስቴርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብትቀየሚ ኖሮ ይህን የምልሽበት አፍ አይኖረኝም ነበር።