የከረፋው የተልባ ዘይት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። አሁን ለእናንተ ስናገር እንኳ አልደነግጥም፣ አላለቅስም። ደንዝዣለሁ።

ተማሪ ሳለሁ ከሜልበርን ወጣ ባለ የባሕር ቀንድ አውጣ ማርቢያ እሠራ ነበር። አባሎን ይሏቸዋል፤ ሬስቶራንቶች በውድ ይገዟቸዋል። መኖአቸው ውስጥ የሚገባው የዓሣ ዘይት ስለተወደደ፣ በተልባ ዘይት ይተካ እንደሆነ የምሞክረው እኔ ነበርኩ። የመመረቂያ ጥናቴም እሱ ነው። የማቀላቅለው እኔ፣ የሚያበሏቸው ጋሼ ታደሰ። ጋሼ በስደት የመጡ፣ ዋይንድሃም ቬል የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ሥራውን ያስገኙልኝ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት በመኪናቸው ይወስዱኝ ነበር።

አንድ በጋ የተልባውን ዘይት ሳልከድን ፀሐይ ላይ ትቼው ሄድኩ። ስመለስ ከርፍቷል። አልሸተተኝም ብል ውሸት ነው፤ አፍንጫዬን ይዤ ነው የቀላቀልኩት። ለምን? አዲስ ዘይት ብጠይቅ ጥፋቴን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቀንድ አውጣዎቹ የተጣበቁበትን እየለቀቁ ገንዳው ወለል ላይ ወደቁ። ሞቱ። በጎን ባለው ገንዳ የዓሣ ዘይት የሚበሉት ግን ደህና ነበሩ።

ኃላፊው ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝ። «የሚያበላቸው ታደሰ ነው፤ የተልባዎቹ ላይ መኖ አብዝቶ ውሃውን አበላሽቶት ይሆናል» አልኩት። በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ጋሼ» የሚል አልነበረበትም። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። እኔ።

ከዚያ ወዲያ ለጋሼ የሥራ ሺፍት አልሰጧቸውም።

ፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ አገኙኝ። «ልጄ፣ ጥናትሽን ገደልኩብሽ። እጄ ከብዶ ነው እንጂ ሆን ብዬ አይደለም። ይቅር በይኝ» አሉኝ።

ያኔ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። «ኧረ ምንም አይደል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ይቅር አልኳቸው! እኔ፣ እሳቸውን!

ባለፈው ዓመት ልጃቸውን ሲድሩ ፖይንት ኩክ ወዳለ የሠርግ አዳራሽ ጠሩኝ። እንግዶቹ ፊት ክንዴን ይዘው፣ «ይቺን ልጅ ያን ያህል በድያት አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችብኝም» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳቸው ሰው በሕይወት አሉ፤ ስልካቸውም አለኝ። እስከ ዛሬ አልደወልኩም።