ጓርኒሲዮን ብቻ ነበር

ባለፈው ሳምንት ከአብነት ወደ አማኑኤል የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገብቼ በሩ ገና ሳይዘጋ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። የሞተር ዘይት ነው፤ የፍሬን ሸራ አይደለም፣ የሽቦም አይደለም። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከፊቱ ያለውን አይሱዙ ረገመ። የሚሸተው የራሱ መኪና መሆኑን ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አማኑኤል ስደርስ ከፍዬ ወረድኩ። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ወይም ሆኜ ይሆናል። ለባለ መኪና እንዲህ ያለ ነገር መንገር የተውኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

ያኔ መርካቶ ውስጥ ጋራዥ እሠራ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ሊሞላኝ ሲል ነው፤ በዚያን ጊዜ አንድም ሆሄ አላውቅም። ሌላው የዕቃውን ካርቶን ሲያነብ እኔ በእጄ እዳብሳለሁ፣ አሸታለሁ። ፍሪሲዮን ሲቃጠልና ዘይት የጋለ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ዓይኔን ጨፍኜ እለያቸዋለሁ። የጋራዡ ባለቤት ሙላት አራት ዓመት ብረት በናፍታ ሲያሳጥበኝ ከርሞ፣ ከመስቀል በኋላ የራሴ መኪና እንድይዝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ራሴ ፈትቼ ራሴ ልገጥም፣ ሜካኒክ ልባል። ያን መስቀል የጠበቅሁትን ያህል ሠርጌን አልጠበቅሁም።

እዚያ ያስገባኝ ጋሼ ተካ ነው፤ ጭድ ተራ ጆንያ የሚሸጥ ያገሬ ሰው። ተያዥ ሆኖ ፈርሞልኛል። ያለ ተያዥ ማንም የመፍቻ ሳጥኑን አያስነካህም፤ አንድ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። ፊት ለፊት ዛሬም አንቱ እለዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን እጄ እምቢ ይለኛል።

ነሐሴ ነበር። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጥሃል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሰው አያነጋግርም። ጋሼ ተካ አሮጌ ፒክአፑን ይዞ መጣ። መኪናው ዳገት በወጣ ቁጥር ውስጡ ይሸታል አለ። በራችን ላይ ፓስቲ የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ እሱም ለካ ወር ሙሉ ሽታው ልብሱ ላይ የቀረ የፓስቲ ዘይት መስሎት ሚስቱን ሸሚዜን አላጠብሽም እያለ ሲነዘንዛት ከርሟል።

ሙላት መኪናውን እይ አለኝ። ሞተሩን አስነስቼ የጭስ ማውጫው ማርሚታ አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ያዝኩ። ሰማያዊ ጭስ የለም፣ ጨርቁንም ዘይት አልነካውም። ስለዚህ ሞተሩ ከውስጥ ዘይት አይበላም። ኮፈኑን ከፍቼ ብረቱን በናፍታ ጠረግሁት፤ ሲደርቅ ከፓስቲዋ ሴት ዱቄት ለምኜ ነሰነስኩበትና መኪናውን እስከ አማኑኤል ነድተን ተመለስን። ዱቄቱ ሁሉ ደረቅ ነው። ከሞተሩ የላይ ክዳን ጀርባ ብቻ አንድ ቀጭን እርጥብ መስመር ወርዶ የጋለው ቱቦ ላይ ያልቃል። ከክዳኑ ሥር ያለው፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ሌላ ምንም የለም። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ለሙላት ነገርኩት። እሱ ግን ጋሼ ተካን ሞተሩ መውረድ አለበት፣ ነገ ዋጋ እንነጋገራለን ብሎ ሸኘው። ዓይን ዓይኑን ሳየው፣

"የቀጠርኩህ እንድታሸት ነው፣ እንድታወራ አይደለም" አለኝ።

ሱቆች ሳይዘጉ ጭድ ተራ ሄድኩ። ጆንያ ላይ አስቀምጦ ሻይ አዘዘልኝ።

"ጋሼ፣ ሞተሩን እንዳያስወርዱ። ጓርኒሲዮን ብቻ ነው። ከኔ ሰማሁ ካሉ ግን እንጀራዬ አለቀ።"

"አንተ ልጅ፣ እኔ ወሬኛ እመስልሃለሁ?" አለና ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። "እዚችው ትቀበራለች።"

በማግስቱ ጠዋት ከሙላት ጋር ክርክር ገጠመ። ሙላት ዋጋ ይጠራል፣ እሱ ይስቃል፤ ሙላት ይቀንሳል፣ እሱ ለመሄድ ይነሳል። መርካቶ ያረጀ ነጋዴ ስለሆነ በእጁ ያለውን ሁሉ ሳያወጣ አይገዛም። በመጨረሻ በእጁ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ሙላትን ትከሻው ላይ አቅፎ፣

"በል ተወኝ እንግዲህ፣ የራስህ ልጅ ጓርኒሲዮን ብቻ ነው ብሎኝ የለም እንዴ!" አለ።

ሙላትም አብሮት ሳቀ። ጓርኒሲዮኑን እንድቀይር አዘዘኝ፤ ቀየርኩ። ሽታው ጠፋ። ጋሼ ተካ እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ። ያኔ ሙላት መፍቻውን ከእጄ ተቀበለኝ። አልጮኸም።

"የሸጠህ ተያዥህ ነው፣ እኔ ምን ላድርግልህ?"

ጋሼ ተካ ዘንድ ሄጄ ተባረርኩ አልኩት። ቆይ አነጋግረዋለሁ አለ፤ ከደንበኛ ጋር ነበር። አላነጋገረውም። ሌላ ጋራዥ የሚቀበለኝ ተያዥ ካመጣሁ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሱ ሌላ ሰው አልነበረኝም። መስቀል ሲደርስ መርካቶ በረንዳ ላይ ኩሊ ሆኜ ጆንያ እሸከም ነበር፤ ሃያ ዓመት ተሸከምኩ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ጋሼ ተካ የልጅ ልጁን ሲድር ጠራኝ። አርጅቷል። አጠገቡ አስቀምጦ በእጁ አጎረሰኝና ጠረጴዛውን ለከበቡት ሰዎች ያቺን ቀን አወራላቸው፤ ሙላት እንዴት እንደደነገጠ፣ እሱ ዋጋውን እንዴት እንዳስወረደው። "ይሄ ልጄ ባይኖር ያ ሌባ በልቶኝ ነበር" ብሎ ሳመኝ። ለካ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራው የኖረው ለኔ ምስጋና ነው ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ሆንክ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም፤ የሚጠየቅ ነገር መኖሩም አልታየውም።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበርና እኔም ሳቅሁ። እሱ ያደረገኝን ሠላሳ ስንት ዓመት ችዬው ኖሬያለሁ። ያቺን ሳቄን ግን እስካሁን አልቻልኳትም።