ከጠረጴዛ እግር ሥር ያወጣሁት ወረቀት

በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ አርባ ምንጭ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ይባል ነበር፤ እኔንም ሲሉኝ አላርምም። የእርግዝና ምርመራ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራለሁ እያልኩ አወራ ነበር። ትንሽ መስታወት ላይ ባኖርኩት ሽንት ወተት የመሰለ መድኃኒት ጠብ አድርጌ መስታወቱን አወዛውዛለሁ፤ ወተቱ ከተበጣጠሰ ጽንስ የለም፣ እንዳለ ከቆየ አለ።

አንድ ጠዋት ከላንቴ መንደር አንዲት ሴት መጣች። ካገባች ሰባት ዓመቷ ነው፣ ልጅ ግን የላትም፤ አሁን ሆዷን ያማታል። ራጅ ጽንስ ስለሚጎዳ ሐኪሙ ነፍሰ ጡር ካልሆነች ብቻ በማግስቱ ሆዷን ራጅ እንድትነሳ አዟል። በዚያ ሳምንት አዲስ ዓይነት መድኃኒት መጥቶልን ነበር። መመሪያውን እንደ ልማዴ ሳላነብ አጣጥፌ ከሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ወትፌዋለሁ። ወተቱ ተበጣጠሰ። «የለም» ብዬ ጻፍኩላት። አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ከምሳ በኋላ መድኃኒቱ ሣጥን ላይ ያየሁት «ከአይጥ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ከነከነኝና ወረቀቱን ጎትቼ አነበብኩ። ፈረንጆቹ አይጥን የነፍሰ ጡር ሆርሞን ይወጓታል። የአይጧ ሴሎች ሆርሞኑን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራሉ። እነሱን ከማይሞት የካንሰር ሴል ጋር ያዋህዱና አንዱን መርጠው ያራቡታል፤ ዘሩ በሙሉ ያንኑ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ሲሠራ ይኖራል። የኛ አይጥ የገበሬ ማኅበሩን በቆሎ ከነጆንያው ትውጣለች፣ የነሱ አይጥ እርግዝና ትመረምራለች ብዬ ስስቅ የታችኛው መስመር ላይ ደረስኩ፤ በዚህኛው መድኃኒት ከተበጣጠሰ ጽንስ አለ።

ከጫሞ ሐይቅ አዞ የሚያመልጥ ሰው እንኳ እንደዚያ ቀን ብስክሌት አይነዳም። ከሙዝ ማሳዋ ዳር አግኝቼ ስህተቴን ነገርኳት።

«ዶክተር፣ ጠዋት የለም ያሉት እርስዎ፣ አሁን አለ የሚሉት እርስዎ። የቱን ልመን?»

«እኔን ተዪኝና አይጧን እመኚ» አልኳት። አልሳቀችም። ያኔ ነው ቀልዴም ጋዋኔም የከበዱኝ።

«ዶክተርም አይደለሁም፣ እህቴ።»

መድኃኒቱን፣ መስታወቱንና ወረቀቱን ይዤ ስለነበር አዲስ ሽንት ተቀብዬ ማንጎ ጥላ ሥር እንደገና ሠራሁላት። ሁለታችንም መስታወቱ ላይ አጎነበስን። ወተቱ ተበጣጠሰ። ወረቀቱን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። መስመሩን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ይድገሙልኝ አለች፤ ደገምኩ።

«እንግዲያው ነገ ራጅ አልነሳም።»

«አትነሺም።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። መልሺልኝ ለማለት አልደፈርኩም። ጠረጴዛዬ ሥራዬን እስክለቅ ድረስ እንደተንገዳገደ ኖረ።