ለአይጥ የተከፈተ መስኮት

እኅቴ አዲስ አበባ ተቀጥራ የምትሠራላቸው ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲገቡ በቤት የሚያሳድጉትን አይጥ መሳይ እንስሳ፣ ሃምስተራቸውን፣ ለእሷ ትተው ሄዱ። እሷም በክረምቱ መግቢያ ከነሽቦ ቤቱና ከነመሮጫ መንኮራኩሩ በሚኒባስ ጭና እኛ ወዳለንበት ወደ ቆሰበር አመጣችው፤ ሌላ ሥራ አግኝታ እስክትመለስ ለእኔና ለእናታችን አደራ ሰጠችን። እናቴ ጎንበስ ብላ ጭራ አልባውን ጉድ አየችው።

"አይጥ ነው" አለች። "ዕድሜ ልኬን ድመት ሳሳድግ ኖሬ አሁን ለአይጥ ቤት ልስጥ?"

አደራ ግን አደራ ነው። በማግስቱ አንድ እፍኝ ገብስ ብትበትንለት ጉንጮቹ እስኪነፉ ጠቀጠቀና ጥግ ሄዶ ዘረገፈው። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። "ጎተራውን ጉንጩ ውስጥ ሠርቶታል እኮ" አለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔ ቀድሞ የሚበላው እሱ ሆነ።

የቆሰበርን የክረምት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በእናቴ ቤት ደግሞ የበሽታ ሁሉ አባት ብርድ ነው፤ ሃምስተሩን ያስቀመጥንበትን የጓዳ መስኮት እኔን የወለደች ጊዜ በምስማር እንደመታችው ነበር። እንዳይበርደው ብላ ከጎረቤታችን አናጢ ሰጋቱራ እየለመነች እስከ አንገቱ ሞላችለት፤ የበሩንም ሥር በጨርቅ ወተፈች። ሳምንት ሳይሞላው ማስነጠስ ጀመረ። "አላልኩም? ብርድ መታው" ብላ ሰጋቱራ ጨመረች፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታም አጠነችው። በሦስተኛው ቀን ሲተነፍስ ጎኑ እየገባ ሲር ሲር ይል ጀመር፤ ገብሱንም አልነካ አለ። ፈራሁ። እናቴ ከእኔ ብሳ ከነሰጋቱራው ጣሳ ውስጥ አድርጋ ነጠላዋ ሥር ሸጎጠችውና "ተነሺ፣ ሐኪም ቤት" አለችኝ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ደጅ በፈረስና በላም ተሞልቷል። ከፊታችን ፈረስ የያዘ ገበሬ ነበር።

"እማማ፣ ምን ይዘው ነው?"

"በሽተኛ።"

አጮልቆ አየና "ኧረ አይጥ ነው" ቢል ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እናቴ ግን "ፈረስህ ስለገዘፈ ነፍስ ያለው እሱ ብቻ መሰለህ?" አለችው። ሰውዬው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ፈረሱን ወደ ጎን ሳበና ተራውን ለቀቀልን።

ሐኪሙ በባሕር ዛፍ ማጠኗን ከእናቴ ሰምቶ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ ሰጋቱራውንም በጣቱ አሽቶ አሸተተ። "ብርድ አይደለም እማማ። ብናኙና እንፋሎቱ ነው ያፈነው። ሰጋቱራውን አውጥተው ወረቀት ቀደው ያንጥፉለት። መስኮትም ይክፈቱለት፤ ነፋሱ በቀጥታ እንዳያገኘው ብቻ።"

እናቴ ቤት ስንደርስ "ደግ የሠራሁ መስሎኝ ልገድለው ነበር" አለችና የመስኮቱን ምስማር በመዶሻ ነቀለችው። አስተማሪ ነበርኩና የከረመ የፈተና ወረቀት አላጣሁም፤ ቀድጄ አነጠፍኩለትና የተማሪዎቼ ሒሳብ ላይ ተኛ። እሷ ጋቢዋን ተከናንባ ክፍት መስኮት ሥር ስትጠብቀው ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ጉንጮቹን በገብስ ሲሞላ አየችና እልል አለች፤ እኔም ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ አብሬያት እልል አልኩ። ስንት ዓመት ያሰቃያት የጧት ሳልም በዚያው ለቀቃት፤ በመስኮቱ ነው ብላ ግን አምና አታውቅም።

ጥቅምት ላይ እኅቴ አደራዋን ልትወስድ መጣች። ስትዋሽ ሰምቻት የማላውቀው እናቴ የጓዳው በር ላይ ቆማ "ገና አልተሻለውም፣ መንገድ አይችልም" አለቻት። ከጀርባዋ መንኮራኩሩ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል።

እኅቴ ጥቂት አዳመጠች። "እውነትሽን ነው" አለች፣ "በጣም ታሟል።"