ጥላችን የጠፋበት ቡሄ

እህቴ እናኑ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ለልጆቿ ስትል የማትሆነው የለም። ሰሞኑን ደግሞ ባሕር ዳር አዲስ የመጫወቻ ፓርክ መከፈቱን ሰምታ፣ ትምህርት ሳይጀመር አንድ ቀን ይዣቸው ልሂድ አለች። ደብረ ታቦር እኔ ቤት ተሰበሰብንና ምክክር ተጀመረ። ትልቋ ልጇ ቤዛ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስልኳን ከፍታ የትኛው መጫወቻ እንደሚቀድም፣ ሰልፉ የት እንደሚረዝም፣ የት ቁጭ ብለው እንደሚበሉ ስትዘረዝር ሠርግ የምታሰናዳ ባልቴት ትመስላለች። ታናሽዋ ሳሙኤል ነገሩን በአጭሩ ቋጨው።

«ሙሉ ቀን ካልሆነ ይቅርብን።»

«ሦስት ሰዓት ምን አነሰው?» አልኩ እኔ።

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። «አክስቴ፣ ሦስት ሰዓት እኮ ለሰልፉም አይበቃም» አለች ቤዛ።

«እንግዲያው አትሰለፉ። ክረምት ነው፤ ጉም አለ፤ መንገዱ ያንሸራትታል። ስትመለሱ ሳይመሽ ሐሙሲትን አልፋችሁ ብትገኙ ነው የሚሻለው።»

እናኑ ሳቀች። «ተዉአት። እትዬ ጥላችሁን ሳትለካ አትለቃችሁም» አለቻቸው።

ልጆቹ ነገሩ አልገባቸውም። ለእኔ ግን ገብቶኛል። ሰው ሁሉ ፈሪ ይለኛል፤ ልክ ነው፣ ፈሪ ነኝ። ልጆች ዛፍ ላይ ሲወጡ አላይም ብዬ ቤት የምገባ ሴት ነኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? የእኔን እባብ እናኑ ታውቀዋለች፤ ነገር ግን እሷ ትስቅበታለች፣ እኔ እበረግግበታለሁ።

ያኔ እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ ሦስት ነበር። ቤታችን ከገሳይ ከተማ ወደ ጉና ተራራ ግርጌ ገባ ብሎ ነው። ከመኪናው መንገድ ወርደን፣ የገብስ ማሳ ለማሳ ሄደን፣ አንዲት ወንዝ ተሻግረን ነበር የምንደርሰው። በበጋ እንዝላል ሰው እንኳ ጫማውን ሳያወልቅ የሚሻገራት ወንዝ ናት። በክረምት ግን ተራራው ላይ የዘነበው ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚያልፈው።

በዚያ ዓመት ለቡሄ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ሰው የሚያበር ወንበር መጣ ተባለ። ወሬው ገበያ ደርሶ ወደ እኛ ሲመጣ ወንበሩ ደመና እስኪነካ ይወጣል ተብሎ ነበር። እናኑ እህል አልበላ አላት። ለሳምንት ያህል እናታችንን በውኃ መንገድ፣ በአረም ቦታ፣ በጭስ መሀል እየተከተለች ነዘነዘቻት። እናታችንም በመጨረሻ እኔን ተማምና ፈቀደች።

እናቴ የእጅ ሰዓት አልነበራትም። ቀኗን የምትለካው በጥላ ነበር፤ የጾሙን መፍቻም፣ የከብቱን መመለሻም በዚያው ታውቃለች፣ ተሳስታም አታውቅም። ስለዚህ በከተማ የምንቆይበትንም ጊዜ በዚያው ቀመረችልን። በር ላይ አቁማን እንዲህ አለች።

«ጥላችሁ ከእግራችሁ ሥር ሲገባ እኩለ ቀን ነው፤ አረፍ በሉ፣ ቅመሱ። ጥላችሁ ቁመታችሁን ሲያክል ግን አንድ ተራ ብቻ፣ ሁለት ተራ ብቻ የሚባል ነገር የለም። ወደ መኪናው ሩጡ። ጉሙ ከጉና ሳይወርድ ወንዙን መሻገር አለባችሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እጇን እንዳትለቂ» አለችኝ። መንገድ ከጀመርን በኋላም ከኋላችን ምክሯ አላባራም። «ደግሞ በጉም ውስጥ ስማችሁን አንዴ ጠርቶ ዝም ላለ አቤት እንዳትሉ! ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል!»

ይህን የመጨረሻውን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። አንዴ ጠርቶ የሚያልፈው ሰው ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤ አቤት ያለውንም ይዞት ይሄዳል ይባላል። ማን ሄዶ ማን እንደቀረ ጠይቀን አናውቅም።

ጠዋቱ ብሩህ ነበር። የዘነበበት ሣር ያበራል፤ ከየመንደሩ የጅራፍ ድምፅ ይሰማል። በጭነት መኪና ላይ ቆመን ደብረ ታቦር ስንገባ ከተማው በሆያ ሆዬ ይናጣል። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ሴቶች በየጥጉ ድንች ቀቅለው ከአዋዜ ጋር ይሸጡ ነበር። ትኩሱን ድንች እጃችንን እያቃጠለን ልጠን በላን። እናኑ ከበላች በኋላ የሆያ ሆዬ ልጆች ያካፈሏትን ሙልሙል ዳቦ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ለእናቴ አሳያታለሁ ብላ ነው።

ወንበሩም እውነት ሆኖ ተገኘ። አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ፣ ከአናቱ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ወንበሮች፣ ከታች ደግሞ እየገፉ የሚያዞሩት ሁለት ጎረምሶች። ደመና አይነካም፤ የቤት ጣራ ግን ያክላል። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ደርሶ ስንቀመጥ ሰንሰለቱ ሲንቋቋ ስሰማ ልውረድ ብዬ ነበር፤ ማን ይስማኝ? መዞር ጀመረ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በስመ አብ እላለሁ፤ እናኑ ከጎኔ እጇን ዘርግታ ትጮኻለች። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኔን ገለጥኩ። የሰው ራስ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ አረንጓዴ ኮረብታ ሁሉም ተደባልቆ ሲያልፍ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

እንደ ወረድን እንደገና ተሰለፍን። እኩለ ቀን ላይ ጥላችንን አየን፤ ከእግራችን ሥር ገብቷል። ደህና፣ ጊዜ አለን አልን። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ዳመነ። ዝናብ አልነበረም፤ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ደመና ብቻ ተዘረጋ። ሌላ ተራ ወጣን፣ ወረድን። መሬቱን አየሁ፤ ጥላ የለም። እናኑንም ወደ ሜዳው ገፋ አድርጌ አቆምኳት፤ እሷም ጥላ የላትም።

«እትዬ፣ ጥላ ከሌለን ሰዓቱም አልደረሰማ!» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። የእናታችን ልኬት እጃችን ላይ ተሰብሮ ቀርቷል፤ ሌላ ልኬት አልተሰጠንም። ሰዓት ያሰረ ሰው መጠየቅ እንዴት እንዳልመጣልኝ ዛሬም ይገርመኛል። ለእኛ ቀን ማለት ጥላ ነበር፤ ሰዓት የከተማ ሰው ጌጥ ነው። ያነቃን ብርዱ ነው። ድንች ሻጮቹ ድስታቸውን ሲሰበስቡ ሳይ እጇን ይዤ ወደ መኪናው ሮጥኩ።

ገሳይ ስንወርድ ተራራው አልነበረም። ጉና የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኗል፤ ያ ነጭ ደግሞ ወደ እኛ እየመጣ ነበር። ገና አልመሸም፤ ከብቶች እንኳ አልገቡም። ግን ማሳዎቹን ሳናጋምስ ጉሙ ዋጠን። የራሴ እግር አይታየኝም። ከወደ ታች ወንዟ ስታጉረመርም ይሰማል፤ የጠዋቱ ድምፅዋ አይደለም።

ወንዟ አጠገብ ስንደርስ እናኑ ቆመች። «እትዬ፣ ምድሩ ይዞርብኛል። ያ ወንበር አሁንም እያዞረኝ ነው» አለች። ድንቹም አዋዜውም ወደ ላይ መጣባት። ቁጥቋጦ ሥር ጎንበስ ብላ ስታስመልስ ወገቧን ያዝኩላት። ሲሻላት ኮንጎ ጫማዋን አወለቀች፤ ለመሻገር መሆኑ ነው።

«ንቅንቅ እንዳትዪ፤ መሻገሪያውን አይቼ መጣሁ» አልኳት። ድንጋዮቹ እስከሚታዩበት ድረስ ብቻ ነው የሄድኩት። ድንጋዮቹ ግን የሉም፤ ውኃው ሸፍኗቸዋል። ወዲያው ተመለስኩ። ቁጥቋጦው ቆሟል፤ እናኑ የለችም።

«እናኑ!»

ዝም። ወደ ላይ ጥቂት ሄጄ «እናኑ!» አልኩ። ዝም። ወደ ማሳው ሮጥኩና ጠራሁ፤ ወደ ዳገቱ ሮጥኩና ጠራሁ። በየደረስኩበት እጠራለሁ፣ ጉሙ ድምፄን ይውጠዋል፣ መልስ ሳጣ ወደ ሌላ ቦታ እሮጣለሁ። ወደ ወንዙ ዳር ስመለስ እግሬ አንድ ነገር ረገጠ። አንዱ ኮንጎ ጫማዋ ነው። ከጫማው ወዲያ ዳሩ ተንዷል፤ ከታች ውኃው ጭቃ ይዞ ይሄዳል።

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም። ለእናቴ ምን እላለሁ የሚለው አልነበረም የመጣብኝ፤ ጠዋት ሙልሙሏን ደረቷ ውስጥ ስትከት ማየቴ ነበር የመጣብኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ስትል እናቴን ሰምቻለሁ። ደረሰ አልኩ።

ሰው ፍለጋ ወደ መንገዱ ስሮጥ የከብት ኮቴና የሰው ሳል ሰማሁ። «ማነው?» አልኩ። ኮቴው ቆመ። መልስ የለም። «ስለ እግዚአብሔር፣ ማነው?» አሁንም የለም። ሰው አይደለም አልኩ። የምሸሽበት ግን አልነበረኝምና ለሦስተኛ ጊዜ እያለቀስኩ ጮኽኩ።

«አቤት! አቤት ልጄ!» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። ከወንዙ ወዲህ የሚኖሩት ጎረቤታችን አያ ዳኜ ናቸው፤ ላሞቻቸውን እየነዱ በጉሙ መሀል ብቅ አሉ።

«አያ ዳኜ! አልሰሙኝም እንዴ?»

«ሰማሁሽ እንጂ። ምን ላድርግ ልጄ፣ በዚህ ጉም አንዴ ጠርቶ የሚተው ሰው አይደለም። ሦስተኛውን ስጠብቅ ነው።»

ይህን ሲሉ ነገሩ ገባኝ። እኔም ይኸው ስንት ቦታ ስዞር አንዴ እየጠራሁ ነበር የማልፈው። እናኑ በሕይወት ካለች ሰምታኛለች፤ እናታችን እንዳስተማረችን አፏን ይዛ ዝም ብላለች። ለአያ ዳኜ የሆነውን በሁለት ቃል ነግሬያቸው ወደ ተናደው ዳር ተመለስን። ጫማዋ አጠገብ ቆምኩ።

«እናኑ!» ወንዟ ብቻ። «እናኑ!» አሁንም ወንዟ። ሦስተኛውን ለመጥራት ፈራሁ። ከሦስተኛው በኋላ ዝም ከሆነ ሌላ የቀረኝ የለም። አያ ዳኜ ትከሻዬን ያዙኝ። «ጥሪያት» አሉኝ።

«እናኑ!»

«አቤት እትዬ።»

ከእግራችን ሥር ነበረች። ራሷ ዞሮባት ስትራመድ ዳሩ ከሥሯ ተንዶ፣ ከታች በቀረው ጠባብ አፈር ላይ የዛፍ ሥር ይዛ ተቀምጣለች። ውኃው ጉልበቷ ደርሷል። አያ ዳኜ በሆዳቸው ተኝተው ጋቢያቸውን ወረወሩላት፤ እሷ ስትይዝ እኛ ሳብን። ወጥታ ከእቅፌ ስትገባ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር።

«እንዴት አቤት አትዪም? እላይሽ ላይ ቆሜ አልጠራሁሽም?»

«ሰምቼሽ ነበር» አለች። «አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?»

ብዙም ሳንቆይ ያ አፈር ሲወድቅ ሰማነው። በዚያ ቀን ወንዙን አልተሻገርንም፤ አያ ዳኜ ቤት አደርን። በማግስቱ ውኃው ጎደል ሲል እናታችን መጣች። አልተቆጣችም፤ ሁለታችንንም ከራስ እስከ እግር ደባበሰችን። «ጥላችሁን አላያችሁም?» አለች ብቻ። «ደመና ነበር፣ እማ» አልኳት። እናቴ ደነገጠች። ቀን ስትለካልን ስለ ደመና ማሰብ ዘንግታ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀመጠችና አለቀሰች። እናኑ በውኃ የራሰውን ሙልሙል ከደረቷ አውጥታ ሰጠቻት።

እናኑና ልጆቹ ባለፈው ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር ሄዱ። ምክክሩ ያለቀው ሙሉ ቀን ተብሎ ነው፤ እኔን ማን ይሰማል? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእናኑ እንድደውል ብቻ ተስማማን። ከተናደው ዳር ሥር የነበረችው እናኑ ረስታዋለች ማለት ይቻላል፤ ባሕር ተሻግራ፣ በሰው ቤት ሠርታ፣ ልጆች ወልዳ አሳድጋለች። ከላይ ቆሜ የነበርኩት እኔ ግን ከዚያ ቦታ አልተነሳሁም። የጠፋ ሰው ሲገኝ ፍርሃቱ ያበቃለታል፤ ፈላጊው ግን ሲፈልግ ይኖራል። ደግሞም አላፍርበትም። የሚጠራ ሰው መኖር አለበት።

ደወልኩ። አታነሳም። ሁለተኛ ደወልኩ። አታነሳም። ሦስተኛው ላይ «አቤት እትዬ!» አለች፤ እየሳቀች ነበር።

«አንቺ! ስሜ እዚያ ላይ ይወጣልሽ የለም?»

«ይወጣል። አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?»

ሰደብኳት፣ ሳቅሁም። ከኋላዋ ቤዛ «አንድ ተራ ብቻ!» እያለች ትጮኻለች።

«በይ ጥላቸውን እዪና ንገሪኝ» አልኳት ለቀልድ ያህል።

ሳቋ ቆመ።

«እዚህ ደመና ነው፣ እትዬ» አለች። «ጥላ የለንም። ይዣቸው መጣሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ነጠላዬን ለበስኩ፤ እስኪመጡም በር ላይ ቆምኩ።