ይህ ግንባር የማን ነው?

አያቴ ሰው አይተው ዝም ብለው አያሳልፉም ነበር። አቃቂ በሰቃ፣ ከቤታችን ደጃፍ ተቀምጠው መንገደኛውን «ቆይ እስቲ! ይህ ግንባር የማን ነው?» እያሉ ያስቆማሉ። ፊት ለፊታችን ኮንዶሚኒየም ከተሠራ ወዲህማ የማያውቁት ሰው በዝቶላቸው ነበር! ጎረቤቱም ልጁን ሊድር ሲያስብ፣ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት የሚያስቆጥረው እሳቸውን ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ውስጥ የምትኖር፣ ዘመዷ በውል ያልታወቀ የዛፍ እንቁራሪት ማጥናት ጀመርኩ። ፎቶዋን ከሌሎች እንቁራሪቶች ፎቶ ጋር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አስተያዩና አንዷ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ይቺ እህቷ ናት። ዓይናቸውን አታዪም?»

«አባባ፣ መልክ እኮ ያሳስታል። በዘረመል ነው የሚለየው።»

«እኔን አሳስቶኝ አያውቅም! ውጤቱ ሲመጣ እንተያያለን።»

ከዚያ ወዲህ ቤት በመጣሁ ቁጥር፣ ገና ሳልቀመጥ «የልጅቷ ዘመድ ተገኘ?» ይሉኝ ነበር።

ውጤቱ የመጣው ካረፉ በኋላ፣ ትናንት ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ዘልዬ ጮህኩ! እሳቸው «እህቷ ናት» ያሏት ባዕድ ሆና ተገኘች። የቅርብ ዘመዷ ጨርሶ የማትመስላት፣ ዛፍ መውጣት የማታውቅ፣ ሣር ውስጥ የምትኖር ቡናማ እንቁራሪት ናት። ማን ጠርጥሮ!

አባባ፣ ተሸንፈዋል! ይህን ልነግርዎ ባዶው ወንበርዎ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንድ ወጣት በደጃችን አለፈ። ግንባሩ ቁርጥ የእርስዎ ነው። መልክ እንደሚያሳስት አሁን በማስረጃ አውቃለሁ። ቢሆንም ተከትዬው ሮጥኩ።

«ወንድሜ፣ ቆይ እስቲ! ይህ ግንባር የማን ነው?»