ሰይድ አንደበቱን ያጣበት ኮረብታ

ትእዛዙ የደረሰን ጠዋት ነው። ሻምበላችን ከቀትር በኋላ ፊት ለፊታችን ያለውን ኮረብታ እንዲይዝ ተባለ። ዛፍ የለውም፤ ድንጋይና ቁጥቋጦ ብቻ። ልጆቼ ስለ ጦርነቱ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚታየኝ እሱ ነው።

ከጎኔ ሰይድ ነበር። ሁለታችንም የመርካቶ ልጆች ነን፤ ወላጆቻችን ከወሎ የመጡ። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የመለመለን አንድ ላይ ነው። እኔ ከራጉኤል ጀርባ ልብስ እሰፋ ነበር። እሱ ጨርቅ ይሸጣል፤ አንደበቱ አልፎ የሄደን ገበያተኛ ከመንገድ ይመልሳል። ከሱ ሱቅ አጠገብ ከአባቷ ጋር የምትሠራውን ከድጃን ሁለታችንም እንወዳት ነበር። እሱ ሲያወራት ትስቃለች። እኔ ሰላም ካልኳት በኋላ የምጨምረው ይጠፋኛል። ምሽግ ውስጥም ስለ እሷ ሲያወራ ጓዶቻችን፣ በተለይ ትንሹ ዓሊ፣ ይስቃሉ፤ እኔ አቀርቅሬ ክላሼን እወለውላለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተንቀሳቀስን። ሞርታር ጀመረ። ተኛን፣ ተነሣን፣ ሮጥን። መትረየስ ተኳሹ ግርማ ወደቀ። «እንዳትቆሙ» አለ የመቶ መሪያችን። የኮረብታው ወገብ ላይ ስንደርስ ጥይት እግሬን መታኝ። ሰይድ ሊያነሣኝ ተመለሰ። «አንገቴን ያዝ፣ ኑረዲን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር አልሰማሁትም። ቀጥሎ የወደቀው ሞርታር ፍንጣሪ ከግራ ጆሮው በላይ ገባ።

ሁለታችንንም በቃሬዛ አወረዱን። በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጎን ለጎን ተኛን። የሰይድ ቀኝ እጅ አልታዘዝ አለው። የሚባለው ሁሉ ይገባዋል፤ ውሃ ስለው በግራ እጁ ያቀብለኛል። ከአፉ ግን «እሺ» ከምትል ቃል ሌላ አይወጣም። ሲቆጣም ሲለምንም በእሺ ነው።

ከድጃ መምጣት ጀመረች። አሁን ተራው የእኔ ነው ብዬ አሰብኩ። ስለ ገበያው ጠየቅኋት፣ ቀለድኩ፣ ሳቀችም። ዓይኗ ግን ከእሱ አልጋ አልተነሣም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጅነታችን የምናውቀውን መንዙማ በዝግታ ጀመረች። ሰይድ ተከተላት። ዜማውን ብቻ አይደለም፤ ግጥሙን ከነቃሉ፣ አንድም ሳይስት።

«ዶክተር፣ መናገር ያቃተው ሰው እንዴት ያዜማል?» ብዬ ሐኪማችንን ጠየቅኋቸው።

ጣታቸውን ከግራ ጆሮዬ በላይ አሳረፉ። «አንጎል በየቦታው የተለያየ ሥራ አለው። በአብዛኞቻችን ንግግር የሚወጣው ከዚህ ከግራው ነው፤ ቀኝ እጅንም የሚያዘው ይኸው ወገን ነው። ጓደኛህ የተመታው እዚህ ነው። የሰው ቃል የሚገባን ትንሽ ወደ ኋላ ባለው በኩል ነው፤ እሱ ተርፎለታል። ለዜማ ደግሞ ቀኙ ብዙ ይሠራል፤ ያም አልተነካም።»

«እኔስ?» አልኳቸው።

«አንተ የተመታኸው እግርህን ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ የእኔ ጭንቅላት በግራም በቀኝም ሙሉ ነበር። ሆኖም ከበፊቱ የባሰ ቀናሁ። አንደበተኛ በሆነ ሰው መቅናት ያለ ነው። አንዲት ቃል ለማውጣት ላብ በሚያጠምቀው ሰው መቅናት ግን ለማን ይነገራል? ያውም እኔን ሊያነሣ ተመልሶ በተመታ።

በክራንች መራመድ ስጀምር ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኋት። «ከድጃ፣ ሰይድ ከእንግዲህ እንደ ድሮው አይሆንም» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«እኔ አለሁልሽ።»

«አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ ኑረዲን። እኛ ግን ሳትዘምቱ በፊት ተነጋግረን ጨርሰናል። አልነገረህም?»

አልነገረኝም። ምሽግ ውስጥ ያን ሁሉ ያወራው ሰው ይህችን ብቻ ደብቆኛል። ልቤን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ኒካህ አሰሩ። ምስክር ሆኜ ተቀመጥኩ። ሸኹ ሲጠይቁት «እሺ» አለ፤ ያቺው የቀረችው ቃል በቃችው።

ከመቶአችን አሥራ አንድ ሰው ከዚያ ኮረብታ አልተመለሰም። መትረየስ ተኳሹ ግርማና የመቶ መሪያችን፣ አውቶቡስ ተራ ዕቃ ይሸከም የነበረው ዓሊ፣ ሌሎቹም እዚያው ቀሩ። ኮረብታውንም ብዙ ሳይቆይ ጦራችን እንደለቀቀው ሰማን። ሰይድና ከድጃ ልጆች አሳደጉ። ቤታቸው ስሄድ፣ ፊቱን አይታ ሊል የፈለገውን ስታውቅለት ዛሬም አንድ ነገር ይወጋኛል። ዓሊ ግን ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በሰው ለመቅናት የሚያበቃ ዕድሜ አላገኘም።